ማስክ ሳደርግ እናቴ አትሰማኝም፣ ምን ላድርግ?

ሰላም ለሁላችሁ፣ እባካችሁ ግራ ገብቶኛል። እናቴ 74 ዓመቷ ነው፣ ስኳርም ደም ግፊትም አለባት፣ ጆሮዋ ከደከመ ደግሞ ቆይቷል፣ እስከዛሬ የምንግባባው አፌን እያየች ነበር። እኔ ስራዬ ከሰው ጋር ስለሆነ ቤት መዋል አልችልም፣ ስለዚህ ኮሮና እንዳላስይዛት ማታ ስገባ እጄን 20 ሰከንድ በሳሙና ታጥቤ ልብሴን ቀይሬ ማስኬን ሳላወልቅ ነው የማናግራት። እሷ ግን ምንም አይገባትም፣ ጮክ ስል ደግሞ የተቆጣኋት ይመስላታል።

ትላንት መድሃኒትሽን ዋጥሽ ወይ ስላት ዝም ብላ አየችኝና እጇን ዘርግታ ማስኩን ወደ አገጬ ሳብ አደረገችው፣ እኔ ደንግጬ ወደኋላ አፈገፈግኩ፣ ፊቷን አዙራ አለቀሰች። ሌሊቱን እንቅልፍ በአይኔ አልዞረም።

ወረቀት ላይ በትልቁ እየጻፍኩ ሞክሬያለሁ፣ አይኗ ቶሎ ይደክማል። ኮሮና ደግሞ ምልክት ሳያሳይም ስለሚተላለፍ ደህና ነኝ ብዬ ማስኬን ማውለቅ ፈራሁ። መስኮቱን ከፍቼ 2 ሜትር ራቅ ብዬ በር ላይ ቆሜ ለአጭር ጊዜ ባወልቀውስ? ወይስ እኔ ሌላ ክፍል ሆኜ በቪዲዮ ኮል ባወራት ይሻላል? ፌስ ሺልድ (ፊት ላይ የሚደረገው ግልጽ ላስቲክ) ብቻውን የማስክን ያህል እንደማይከላከል አውቃለሁ፣ ግን አፉ ጋር ላስቲክ ሆኖ ከንፈር የሚያሳይ ማስክ አለ አሉ፣ የተጠቀመ ካለ እንፋሎት አይሸፍነውም ወይ? ጆሮው የደከመ ወላጅ ያላችሁ እንዴት እያደረጋችሁ ነው? በጣም ጨንቆኛል፣ የሞከራችሁትን ንገሩኝ።