እናትና አባትን በክብር ለማንሸራሸር፦ የመሃል አዲስ አበባ ጥቆማ

እህቴ፣ ለወላጆችሽ 40ኛ ዓመት ጋብቻ ለየት ያለ፣ ግን ከመሃል ከተማ የማያስወጣ ነገር ጠቁሙኝ ብለሻል። እንኳን ለዚህ አበቃቸው!

ከሆቴሉ ልጀምር። እኔ ለእነሱ ሂልተንን እመርጣለሁ፤ በመዋኛ ገንዳው ምክንያት። ገንዳው የመስቀል ቅርጽ አለው፤ ውሃው ከመሬት የሚወጣ ፍልውሃ ነው። በብርዳማ ጠዋት እንፋሎቱ ከላዩ ሲነሳ ይታያል። ዋና የማይችል ሰው እንኳ እግሩን ነክሮ ሻይውን ይጠጣል። ጉልበታቸውን ለሚያማቸው አባት ከዚህ የበለጠ ምን አለ?

ለእራት ግን ሸራተን ይሻላል። ግቢው ማታ በመብራት ያምራል፤ ወጥቶ ቀስ እያሉ መራመድም ይቻላል። አንድነት ፓርክም ቅርብ ነው። ሀያት ሪጀንሲን የምመክርሽ በዓሉ ከደመራ ጋር ከገጠመ ብቻ ነው። መስከረም 16 ቀን መስቀል አደባባይን ከመስኮት ማየት ትልቅ ነገር ነው። ወደ አደባባዩ የሚያይ ክፍል እንደሚሰጡሽ በጽሑፍ አረጋግጪ፤ መንገድ ሳይዘጋም ግቡ።

ዋጋ ስትጠይቂ "ከነታክሱ ስንት?" በይ። 10 በመቶ ሰርቪስ ቻርጅና 15 በመቶ ቫት ሲጨመር ሂሳቡ ከሩብ በላይ ያድጋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ከክፍሉ ቀንሰሽም ቢሆን ለመኪናና ለአስጎብኚ ጨምሪ። ለትላልቅ ሰዎች ክብር ማለት አለመጣደፍ ነው። አንድ ድርጅት ቪአይፒ ጥቅል ብሎ ሸጦልን፣ ቤተሰቦቼን ከቦታ ቦታ ሲያሯሯጣቸው ዋለ። አሁንም ያናድደኛል። በየጉዞው ራይድ ከመጥራት አንድ ሹፌር ለሙሉ ቀን ያዢ። ነዳጁ የማን እንደሆነና ስንት ሰዓት እንደሚጠብቅ ቀድማችሁ ተነጋገሩ። አስጎብኚው ፈቃድ ያለው ይሁን፤ በቀን ሁለት ቦታ ብቻ እንደምትፈልጊም ንገሪው።

የመጀመሪያው ቦታ አፍሪካ አዳራሽ ይሁን። የሚገኘው በተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ግቢ ውስጥ ስለሆነ ጉብኝቱን ቀድመሽ አስፈቅጂ፤ መታወቂያም አትርሱ። የአፈወርቅ ተክሌ የመስታወት ሥዕል 150 ካሬ ሜትር ነው፤ በሦስት ክፍል የአፍሪካን ትናንት፣ ዛሬና ነገ ያሳያል። ቀይና ሰማያዊው ብርሃን ሲያገኝ ቆመሽ ትቀሪያለሽ። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በ1955 ዓ.ም. የተመሠረተውም እዚሁ ነው። አባትሽ ያን ዘመን ካስታወሱ አስጎብኚው ዝም ብሎ ያዳምጣቸው።

ለሁለተኛው፣ አንድነት ፓርክ ሰፊ ነው፤ ብዙ ያስኬዳል። ስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ያለው የኢትኖግራፊ ሙዚየም ይበልጥብኛል። ቀድሞ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነበር፤ የአፄ ኃይለ ሥላሴ መኝታ ክፍል አሁንም ይታያል። ደረጃ ግን አለው።

ስጦታ ካሰብሽ ሽሮ ሜዳ ሄደሽ ለሁለቱም የሚመሳሰል ጥለት አሠሪ። ሸማኔው ጊዜ ይፈልጋል፤ ሳምንት ሲቀረው አትሂጂ። ጥለቱን እናትሽ ይምረጡ።

ቀኑ መቼ ነው? አባትሽስ ደረጃ መውጣት ይችላሉ? እሱን ካወቅን ሁለተኛውን ቦታ እንወስናለን።