«የቅዱስ ዊሊ ጸሎት»፦ ሽሙጡ በግብዙ ላይ ነው ወይስ በእምነቱ?

ጥያቄ
ስኮትላንዳዊው ባለቅኔ ሮበርት በርንስ እ.ኤ.አ. በ1785 የጻፈውን «የቅዱስ ዊሊ ጸሎት» አንብቤ ከአእምሮዬ ሊወጣ አልቻለም። የሞክሊን ደብር ሽማግሌ ብቻውን ሲጸልይ እንሰማዋለን፤ ሥራቸውን ሳትመለከት፣ ለክብርህ ስትል አንዱን ወደ ገነት ዐሥሩን ወደ ሲኦል ትልካለህ እያለ ፈጣሪውን ያወድሳል፤ ራሱንም ከተመረጡት ወገን ይቆጥራል። ግብዝነት መጋለጡን አልቃወምም። ሆኖም ጸሎትን ያህል ነገር ለሽሙጥ ማዋል ድፍረት አይሆንምን?

መልስ 1
አይመስለኝም። ባለቅኔው ከራሱ አንዲት የነቀፌታ ቃል አልጨመረም፤ ሰውዬውን ያጋለጠው የገዛ አፉ ነው። ዝሙቱን ሲናዘዝ ያን ዓርብ ሰክሬ ነበር ይላል፤ አስከትሎም ይህ ፈተና የመጣብኝ በጸጋዬ ብዛት እንዳልታበይ ይሆናል ብሎ፣ ጳውሎስ ስለ ሥጋው መውጊያ የጻፈውን ለራሱ መሸፈኛ ያደርገዋል። ጋቪን ሃሚልተን የተባለው የሕግ ሰው ግን ሰንበትን አላከበረም ተብሎ በደብሩ ጉባኤ ተከሶ በኤር የበላይ ጉባኤ ስለተፈረደለት፣ ዊሊ ጎተራው፣ ጎመኑና ድንቹ ሳይቀር እንዲረገምበት ይለምናል። «እንቅብህና ቡሃቃህ ርጉም ይሆናል» የሚለውን የኦሪት ዘዳግም ቃል የሚያውቅ አንባቢ፣ ቅዱስ ቃል የቂም መወጫ ሲሆን እዚህ ላይ ያያል። ጸሎቱን ያረከሰው ዊሊ ነው።

መልስ 2
ትንታኔዎ ግሩም ነው፤ ይሁን እንጂ የተነካው ግብዙ ብቻ ነው ማለት አይቻልም። ሰው ሳይወለድ ለገነት ወይም ለሲኦል ተለይቷል የሚለው የካልቪናውያን (የፕሮቴስታንቱ መምህር የካልቪን ተከታዮች) ትምህርትም አብሮ ተመትቷል፤ ዊሊ በኃጢአቱ የማይደነግጠው መመረጡን ስለማይጠራጠር ነውና። ስለዚህ የጠያቂው ስጋት መሠረት አለው። እኔ ግን ትምህርቱ እንዲህ ያለ ፍሬ ካፈራ ሊጠየቅ ይገባዋል ባይ ነኝ።

መልስ 3
የ14ኛው ክፍለ ዘመን ፋርሳዊ ባለቅኔ የሺራዙ ሐፊዝም በመስጊዱ ሚሕራብ (የጸሎት አቅጣጫ ማመልከቻ) እና በሚንበር (የስብከት መድረክ) ግርማ የሚላበሱ ሰባኪዎች ለብቻቸው ሲሆኑ ሌላ ሥራ እንደሚሠሩ ይናገርና፣ ተውበት (ንስሓ) አድርጉ የሚሉን ለምን ራሳቸው ተውበት ያሳንሳሉ ብሎ ይጠይቃል። እርሱ የማንንም ስም አልጠራም፤ የበርንስ ዊሊ ግን ዊሊያም ፊሸር የተባለ፣ ጎረቤቱ ሁሉ የሚያውቀው ሰው ነበር። በዚህ ረገድ የሐፊዝን መንገድ እመርጣለሁ።

ጠያቂው
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ስለ ጸሎቱ የመጀመሪያው መልስ አሳምኖኛል። ስለ ስሙ የተነሣው ግን ሚዛን የሚደፋ ነው፤ በርንስ ራሱ በ1786 ባሳተመው የመጀመሪያ መድበሉ ይህን ግጥም አላስገባውም።