ለጠባብ ስቱዲዮ የቱ ሶፍትቦክስ? አንድ 120 ኦክታ ወይስ ሁለት 60 በ90?

ደጃፍ (ጠያቂ)
ሰላም ለሁላችሁ። ስቱዲዮዬ 3.5 በ5 ሜትር ነው፤ ኮርኒሱ 2.6 ሜትር ላይ ነው፣ ግድግዳው ነጭ። ሁለት ጎዶክስ ኤስኬ 400 ሁለተኛው ሞዴል ፍላሾች (ቦወንስ የሚባለው መግጠሚያ ያላቸው)፣ ፉል ፍሬም ካሜራ፣ 50 እና 85 ሚሊ ሜትር ሌንስ አሉኝ። ሥራው የምርቃት፣ የእጮኛሞችና የሐበሻ ልብስ ፖርትሬት ነው። አሁን የምጠቀመው ጃንጥላ ነው። ግንባርና አፍንጫ ላይ ቦግ ያለ ነጭ ነጥብ ይወጣል፤ ብርሃኑ ለፊት ሲበቃ ነጠላው ይቃጠላል (ነጭ ብቻ ሆኖ ሽመናው ይጠፋል)፤ ጥቁሩ መጋረጃ ደግሞ ግራጫ ይሆናል። ሶፍትቦክስ (ፍላሹ ላይ የሚገጠም ብርሃን ማለስለሻ የጨርቅ ሳጥን) ልገዛ ነው፤ አንድ ባለ 120 ሴንቲ ሜትር ኦክታ (ስምንት ማዕዘን) ልግዛ ወይስ ሁለት 60 በ90? ብሩ ለሁለቱም አይበቃም።

ኤፍ ስምንት
አንድ 120፣ ከነግሪዱ (ብርሃኑ ወደ ጎን እንዳይበተን ፊቱ ላይ የሚደረገው መረብ)። ግሪድ የሌለውን በርካሽ ቢሰጡህም አትውሰድ።

ብርሃኑን የሚያለሰልሰው ሶፍትቦክሱ ከሰውየው ፊት አንጻር የሚኖረው ስፋት ነው። ባለ 90 በ1 ሜትር ርቀትና ባለ 180 በ2 ሜትር ርቀት እኩል ለስላሳ ናቸው። ስለዚህ 120ውን ገዝተህ 3 ሜትር ላይ ካቆምከው ገንዘብህን ጣልከው። ከ1 እስከ 1.2 ሜትር ድረስ አስጠጋው፣ ፎቶው ውስጥ እስካልገባ ድረስ።

ግንባር ላይ የሚታየው ነጥብ የመብራቱ ነጸብራቅ ነው። ጠየም ያለ ቆዳ ነጸብራቁን አጉልቶ ያሳያል። መብራቱ በሰፋ ቁጥር ያው ነጸብራቅ ሰፊ ቦታ ላይ ይበተንና ይደበዝዛል። ለዚህም ሁለት ጨርቅ ያለው ይሁን፦ ውስጠኛውና የፊተኛው። ውስጠኛውን ለጉልበት ብለው የሚያወጡ አሉ፤ መሀሉ ይግልና ነጥቡ ተመልሶ ይመጣል። ውስጡ ብር ከሆነው ይልቅ ነጭ የሆነው ይሻልሃል፣ ከተገኘ። የወዛ ፊት ግን በሶፍትቦክስ ብቻ አይድንም፤ ዱቄት ወይም ወዝ መምጠጫ ወረቀት ይኑርህ።

መጋረጃው ግራጫ የሚሆነው በርቀትና በተበተነ ብርሃን ነው። መብራቱ ከሰውየው 1 ሜትር፣ ከመጋረጃው 3 ሜትር ቢሆን መጋረጃው የሚደርሰው አንድ ዘጠነኛው ነው፤ ከ3 ስቶፕ በላይ ይጨልማል (አንድ ስቶፕ ማለት ብርሃኑ በግማሽ መቀነሱ ነው)። መብራቱን አንድ ሜትር ወደ ኋላ ብትስበው 2 እና 4 ይሆናል፤ ልዩነቱ ወደ 2 ስቶፕ ይወርዳል። ትልቅ ሳጥን ቅርብ ሲሆን ስሌቱ እንዲህ ልክ አይወጣም፤ አቅጣጫው ግን ያው ነው።

ጥቁር ጨርቅ
በ120ው እስማማለሁ፤ ግን «120» ተብለው የሚሸጡት አንድ አይደሉም። ጥልቁ፣ ፓራቦሊክ የሚሉት፣ ከነፍላሹ አንድ ሜትር ያህል ቦታ ይበላል። 3.5 ሜትር ስፋት ባለው ክፍል ሰውየውን ግድግዳ ላይ ትለጥፈዋለህ። ጥልቀት የሌለውን ኦክታ ውሰድ። ከ120 በላይም አትሂድ፦ ባለ 150ውን መሀሉን 1.9 ሜትር ላይ ብትሰቅል የላይኛው ጠርዝ 2.65 ይደርሳል፤ ኮርኒስህ አይችለውም።

ኤፍ ስምንት ግድግዳውን ዘሎታል። ነጭ ግድግዳ ብርሃኑን እየመለሰ ግሪድ ብቻውን ግማሽ መፍትሔ ነው። ከሰውየው ጥላ ወገን በአንድ ወገኑ ጥቁር ጨርቅ የለበሰ ወይም ጥቁር የተቀባ ነጭ ፎም አቁም፣ 1 በ2 ሜትር ይበቃል። ጥላው እንዲለሰልስ የፈለግህ ቀን ገልብጠህ ነጩን ታዞራለህ።

ነጠላውን በተመለከተ፦ ነጭ ጥጥና ጠየም ያለ ፊት በአንድ ብርሃን ውስጥ 3 ስቶፕ ገደማ ሊለያዩ ይችላሉ። የብርሃኑን መጠን በመቀየር ብቻ ሁለቱን አታስታርቅም። መብራቱን ከዓይን በላይ አድርገህ ሰቅለህ መሀሉ ከፊት ትንሽ አልፎ እንዲሄድ አዙረው፤ ፊቱን የሚያገኘው የጨረሩ ጠርዝ ይሁን፣ ደረትና ትከሻ ደግሞ ከጠርዙም ይራቁ። ካልበቃ ከሶፍትቦክሱ የታችኛው ጠርዝ ላይ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ጥቁር ጨርቅ አንጠልጥል። መጠኑን የምትለካው በነጠላው ነው፦ የተቃጠለ ቦታን የሚያሳየው የካሜራው ብልጭ ድርግም ማስጠንቀቂያ ልብሱ ላይ እስኪጠፋ ቀንስ፤ ፊቱን ከሮው ፋይል (ካሜራው ካላቀነባበረው ጥሬ ፎቶ) ታነሳዋለህ። የተቃጠለ የነጠላ ሽመና ግን አይመለስም። ጥለቱም እንደዚያው።

ደጃፍ
አመሰግናለሁ፣ ወንድሞቼ። ሁለት ጥያቄ ቀረኝ። በኤፍ 2.8 (ሌንሱን ሰፋ አድርጌ ከፍቼ) ማንሳት እፈልጋለሁ፤ ፍላሹን እስከ መጨረሻው ዝቅ ባደርገውም ይበዛል። ሁለተኛው ፍላሽ ደግሞ ምን ላይ ይዋል?

ሰባራ ስታንድ
ኤስኬ 400 ከሙሉ ጉልበቱ 1/16 በታች አይወርድም፤ በ1 ሜትር ርቀት ሶፍትቦክስ ውስጥም ሆኖ በአይኤስኦ 100 (ዝቅ ያለ የካሜራ የብርሃን ትብነት) ለኤፍ 2.8 ይበዛል። ግሪዱ ወደ 1 ስቶፕ ይቀንስልሃል። የቀረውን ሌንሱ ላይ ባለ 3 ስቶፕ ኤንዲ ፊልተር (ብርሃን የሚቀንስ ጠቆር ያለ መስታወት) አድርግ። ርካሽ ኤንዲ ቀለም ይለውጣል፤ ፊልተሩን ከገጠምህ በኋላ በግራጫ ካርድ ዋይት ባላንስ (የቀለም ማስተካከያ) ውሰድ። ሹተሩን በማፍጠን አይቀንስም፤ ከሲንክ ፍጥነት (ካሜራው ከፍላሽ ጋር የሚሠራበት የመጨረሻው የሹተር ፍጥነት) ካለፈ ጥቁር ባንድ ይመጣል፣ እስከዚያ ድረስ ደግሞ የፍላሹን ብርሃን አይነካም።

ሁለተኛውን ለጊዜው ባዶ አትተወው። ለመደበኛው ሪፍሌክተር (ፍላሹ ላይ የሚገጠመው የብረት ሳህን) ግሪድ ካለህ ከኋላ በጎን ፀጉርና ትከሻን ይነካ፤ ከፊተኛው 1 ስቶፕ አሳንሰው። ጥቁር ፀጉር ከጥቁር መጋረጃ የሚለየው በዚህ ነው። ነጭ ትከሻ ላይ ግን በቀላሉ ያቃጥላል፣ ሐበሻ ልብስ ሲሆን 2 ስቶፕ ዝቅ አድርገው። ብር ሲገኝ 30 በ120 ስትሪፕ (ቀጭን ረጅም ሶፍትቦክስ) ትተካበታለህ፣ ከመጀመሪያው ጋር የአንድ አምራች ቢሆን ጥሩ ነው፤ የሁለት አምራች ጨርቅ አንዱ ቢጫ ሌላው ሰማያዊ ያዘነብልና አንድ ፊት ላይ ሁለት ቀለም ይወጣል።

ስትገዛ እነዚህን ሱቁ ውስጥ ፈትሽ፦
- ቀለበቱ የብረት ይሁን፤ ፍላሹ ላይ ገጥመህ ነቅንቀው። የሚወዛወዝ ከሆነ ተወው።
- ዘንጎቹ እንደ ጃንጥላ የሚዘረጉ ይሁኑ። እየጎበጡ በጉልበት የሚሰኩት በየጊዜው ቀዳዳውን ያሰፋሉ።
- የፊቱ ጨርቅ ስፌቱ ላይ ጥቁር ክር ያየህ እንደሆነ ዓይን ውስጥ መስመር ሆኖ ይታያል።

120 ሲገጠም ክብደቱ ሁሉ ወደ ፊት ስለሚሄድ የፍላሹ ማዘንበያ ብሎን ቀስ እያለ ይንሸራተታል፤ በየመካከሉ አጥብቀው። ከስታንዱ እግሮች አንዱ ወደ ሶፍትቦክሱ አቅጣጫ ይዙር፤ በተቃራኒው እግር ላይ ከ7 እስከ 10 ኪሎ የአሸዋ ከረጢት ጣል። የኤስኬው ሞዴሊንግ አምፖል (ከማንሳትህ በፊት ብርሃኑን የሚያሳይህ ቋሚ መብራት) ባለ 150 ዋት ሃሎጅን ነው፣ ይግላል። ካተኮርህ በኋላ አጥፋው፤ ውስጠኛው ጨርቅ አምፖሉን እንዳይነካም ተጠንቀቅ።