ማግኔቷ ተንሳፈፈች፤ ስገለብጣት ግን አልወድቅም አለች

ጠያቂ (የፊዚክስ መምህርት)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ወንድሜ ከውጭ ዋይቢሲኦ የሚባለውን ጥቁር ክብ ሴራሚክ ላከልኝ፤ ሱፐርኮንዳክተር ነው፣ ማለትም በጣም ሲቀዘቅዝ ኤሌክትሪክን ያለ ምንም ተቃውሞ ያሳልፋል። ፈሳሽ ናይትሮጅኑን ከብት ከሚያዳቅሉ ባለሙያዎች ለምኜ አመጣሁ። ሴራሚኩን ብቻውን አቀዝቅዤ ማግኔት ሳስቀምጥበት ወደ ጎን እየተንሸራተተች አስቸገረችኝ። በመሀላቸው ስስ እንጨት አድርጌ አብሬ ሳቀዘቅዛት ግን እንጨቱን ባወጣውም ቀጥ ብላ ቆመች። ሴራሚኩን በመቆንጠጫ አንስቼ ብገለብጠውም ከሥሩ ተንጠልጥላ ቀረች! መጽሐፉ ሱፐርኮንዳክተር የማግኔት መስክን ያስወጣል፣ መስኩ ሲበረታ ደግሞ ባሕርዩ ይጠፋል ይላል። ተማሪዎቼን ምን ልበላቸው?

መላሽ 1፦
መጽሐፉ አልዋሸሽም፤ ስለ አንደኛው ዓይነት ብቻ ነው የነገረሽ። ለምሳሌ እርሳስ የሚባለው ብረት የቱንም ያህል ቢቀዘቅዝ የማግኔት መስኩ 0.08 ቴስላ (የመስክ ጥንካሬ መለኪያ) ገደማ ሲደርስበት ያበቃለታል። ያንቺ ሴራሚክ ሁለተኛው ዓይነት ነው። መስኩ ሲበረታበት በቀጫጭን ክር መልክ ያስገባዋል። በየክሩ ዙሪያ የኤሌክትሪክ ጅረት ይሽከረከራል፤ ከክሩ ውጭ ያለው ክፍል ግን ሱፐርኮንዳክተርነቱን አይለቅም። የፊዚክስ ሊቁ አብሪኮሶቭ ይህን በ1957 እ.ኤ.አ. በሂሳብ አሳየ። ኖቤሉ የደረሰው በ2003 ነው፤ ወይ ትዕግስት!

መላሽ 2 (የኤምአርአይ፣ ማለትም በማግኔት የሰውነትን ውስጥ የሚያነሳው የሆስፒታል ማሽን ቴክኒሻን)፦
የተንጠለጠለችው ክሮቹ ስለተቸነከሩ ነው። ሴራሚኩ ውስጥ ያለ እንከን ሁሉ ክሩን ይዞ አይለቅም። ማግኔቷ ልራቅም ልቅረብም ብትል ክሮቹን መንቀል አለባት። እኛም የምንኖረው በዚሁ ነው። የማሽኑ ሽቦ ኒዮቢየም ቲታኒየም የሚባል የብረት ቅይጥ ሱፐርኮንዳክተር ነው፤ በ4 ኬልቪን ገደማ (ከዜሮ በታች 269 ዲግሪ ሴልሺየስ) ፈሳሽ ሄሊየም ውስጥ ተነክሮ 1.5 ወይም 3 ቴስላ ይሰጣል። ብዙ ጅረት ሲያልፍ ክሮቹን ይገፋቸዋል፤ ከተንሸራተቱ ሙቀት ይፈጠራል። ሙቀቱ ካየለ ኩዌንች ነው፣ ማለትም ሽቦው በድንገት ሱፐርኮንዳክተርነቱን ያጣል፤ ሄሊየሙ እያጓራ በቧንቧው ይወጣል። አንዴ ሰምቼዋለሁ፤ ጆሮዬ ላይ እስካሁን አለ።

መላሽ 3፦
እህቴ፣ የናይትሮጅኑን ዕቃ ክዳን አጥብቀሽ እንዳትዘጊው፣ ይፈነዳል። መስኮትም ክፈቺ። ስትገለብጪው ከታች ፎጣ አንጥፊ፤ ሴራሚኩ ከ92 ኬልቪን በላይ ሲሞቅ ማግኔቷ ዱብ ነው። ስትጨርሺ አድርቀሽ አስቀምጪው፣ እርጥበት ያበላሸዋል።

ጠያቂ፦
ኑሩልኝ! አንድ ነገር ግን፦ ክቧን ማግኔት በጣቴ ነካ ሳደርጋት እንደ እንዝርት ትሾራለች። ችንካሩ የት ሄደ?

መላሽ 2፦
ክብ ስለሆነች በዛቢያዋ ላይ ስትዞር መስኩ አይለወጥም፤ ክሮቹም አይነኩም። በአራት ማዕዘን ማግኔት ሞክሪው፣ እምቢ ትልሻለች።