ሶሎ ለመማር የትኛውን የጊታር ጨዋታ ልስማ?

ስድስት ክር፦

ሰላም ለዚህ ቤት። ፔንታቶኒክን (ባለ አምስት ድምፅ ስኬሉን) በአምስቱም ቦታ አውቀዋለሁ፣ ፍጥነትም አላነሰኝም። ሶሎ ስገባ ግን መሰላል መውጣትና መውረድ ይሆንብኛል፤ ሐረግ የለውም፣ ትንፋሽ የለውም። ጊታሪስቶች ራሳቸው ቁጭ ብለው የሚማሩበት ጨዋታ የቱ ነው? ስም ብቻ እንዳትጠሩልኝ። ከዚያ ጨዋታ ምኑን እንደምወስድ፣ በየትኛው ጣትና በየትኛው ፍሬት (አንገቱ ላይ ባለው የብረት መስመር) እንደሆነ ጭምር ብትነግሩኝ ነው የምጠቀመው። ያለኝ ባለሦስት ፒክአፕ (ድምፅ መቀበያ) ስትራት የሚባለው ኤሌክትሪክ ጊታር፣ 0.010 ኢንች ክርና 15 ዋት አምፕ (ማጉያ) ነው። የምጫወተው ግማሹ የእኛው ዘፈን፣ ግማሹ ብሉዝና ሮክ ነው።

ፍሬት አሥራ ሁለት፦

የብሉዙ ጊታሪስት ቢ ቢ ኪንግ፣ «ላይቭ አት ዘ ሪጋል» የሚለው አልበም። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 21 ቀን 1964 ቺካጎ፣ ሪጋል ቴአትር ውስጥ ተቀርጾ በ1965 የወጣ ነው። አንተ የጎደለህ ነገር በሙሉ እዚያ አለ።

መጀመሪያ ጊታሩን ትተህ ዝምታውን ስማ። ሰውየው ሲዘፍን ጊታሩ ዝም ይላል፣ ጊታሩ ሲናገር እሱ ዝም ይላል። ሁለቱን ባንድ ላይ አያደርግም። ስለዚህ እያንዳንዱ የጊታር ሐረግ ለተዘፈነው ስንኝ መልስ ሆኖ ይወጣል፣ ርዝመቱም አንድ ትንፋሽ ነው። ልምምዱ ይህ ነው፦ አሥራ ሁለት ባር ብሉዝ አስከፍት፣ ሁለት ባር በአፍህ አዚም፣ ሁለት ባር በጊታር መልስ። በአፍህ ያላዜምከውን በጣትህ አትጫወት። መጀመሪያ ላይ ሦስት አራት ኖታ ብቻ ነው የሚወጣህ፤ እሱ ይበቃል።

ቀጥሎ ቦታው። የዘፈኑ መነሻ ድምፅ ኤ (A) ከሆነ ጠቋሚ ጣትህን 2ኛው ክር (1ኛው ቀጭኑ ነው) 10ኛ ፍሬት ላይ አሳርፍ። ኤ ይህ ነው፣ ሁልጊዜ ወደዚህ ትመለሳለህ። በመሐል ጣት 3ኛው ክር 11 (ኤፍ ሻርፕ)፣ በቀለበት ጣት 2ኛው ክር 12 (ቢ)፣ ከዚያ 1ኛው ክር ላይ 10 (ዲ) እና 12 (ኢ)። አለቀ፣ አምስት ኖታ ነው። ጣፋጩ ያለው 2ኛው ክር 12 ላይ ነው፦ ግማሽ ቶን (የአንድ ፍሬት ርቀት) ቤንድ ስታደርገው፣ ማለትም ክሩን ወደ ጎን ገፍተህ ድምፁን ከፍ ስታደርገው፣ ሲ ይሆናል፣ ይከፋል፤ ሙሉ ቶን ስታደርገው ሲ ሻርፕ ይሆናል፣ ይፈካል። ከአንድ ፍሬት ላይ ሁለት ስሜት ታወጣለህ። ቤንድ ከማድረግህ በፊት መድረሻውን፣ ማለትም 13ን ወይም 14ን፣ አንዴ ነክተህ በጆሮህ ያዘው።

ቪብራቶውን (የተያዘ ኖታ ማወዛወዝን) ብዙ ሰው የሚያበላሸው በጣት ጉልበት ስለሚሞክረው ነው። የእሱ የሚወጣው ከክንድ ነው። አውራ ጣትህን ከአንገቱ ጀርባ አንሳ፣ መዳፍህም ይልቀቅ፤ ጊታሩን የሚነካው የጠቋሚ ጣትህ ጫፍ ብቻ ይሁን። ከዚያ የበር እጀታ እንደምታዞር ክንድህን ወዲያ ወዲህ አዙር። ድምፁ ወደ ላይ ሄዶ ሁልጊዜ ወደ መነሻው ኖታ መመለስ አለበት። ካልተመለሰ አድማጭ የሚሰማው ቪብራቶ ሳይሆን ከቅኝት የወጣ ኖታ ነው። በሜትሮኖም 60 ላይ በአንድ ምት ሦስት ዙር ጀምር፣ ከዚያ አራት።

ቀኝ እጅ፦

ፍሬት አሥራ ሁለት የግራውን ጨረሰው፣ እኔ ስለ ቀኝ እጅ ልናገር። ማርክ ኖፕፍለር፣ «ሱልታንስ ኦፍ ስዊንግ»፣ ዳየር ስትሬትስ በጁላይ 1983 ለንደን ሃመርስሚዝ ኦዲዮን የተጫወቱት፣ «አልኬሚ» በሚለው አልበም የወጣው። ፒክ (መምቻ) የለም። አውራ፣ ጠቋሚና መሐል ጣት ይሠራሉ፤ ቀሪዎቹ ሁለቱ ገላው ላይ ተደግፈው እጁን ያረጋጋሉ። ጠቋሚው ክሩን ከሥር ስቦ ሲለቀው ክሩ ፍሬቱን ስለሚመታ «ጧ» ይላል። ቀስ ብሎ ሲነካው ደግሞ ለስላሳ ነው። በፒክ የምትጫወት ሰው ይህን የድምፅ ልዩነት ለማግኘት ፔዳል ትረግጣለህ፣ እሱ ግን በጣቱ ይጨርሰዋል።

መጨረሻው ሶሎ ላይ ያለው ፈጣን አርፔጂዮ (የኮርድን ድምፆች አንድ በአንድ መምታት) ሁሉም የሚፈራው ነው፣ ነገር ግን እጁ እምብዛም አይንቀሳቀስም። ዲ ማይነር ላይ ጠቋሚህ 1ኛውንና 2ኛውን ክር ባንድ ላይ 10 ላይ ይጫን። 1ኛው ክር 13 በትንሿ ጣት ትመታለህ፣ ትንሿ ጣት ስትለቅ 10 ይሰማል፣ ከዚያ 2ኛው ክር 10፣ ከዚያ እንደገና 1ኛው ክር 10። ቢ ፍላት ላይ የሚቀየረው 2ኛው ክር ብቻ ነው፣ በመሐል ጣት 11 ይሆናል። ሲ ላይ እጅህን ትገፋለህ፦ 1ኛው ክር 15 ወደ 12፣ 2ኛው ክር 13፣ 1ኛው ክር 12። ከ70 ጀምረህ በየ5 ጨምር። የሚበላሸው ትንሿ ጣት ዝም ብላ ስትነሳ ነው፤ ክሩን በጥቂቱ ወደ ታች ጎትታ መልቀቅ አለባት፣ ካልሆነ ሁለተኛው ኖታ ይጠፋል። የፒክአፕ መምረጫህን በብሪጅና በመሐል ፒክአፕ መካከል አድርግ፣ የአምፑን ጌይን (ድምፁን የሚያሻክረውን) ቀንስ። ጌይን ከበዛ ለስላሳውም ኃይለኛውም አንድ ዓይነት ይሆንብህና ልፋትህ አይሰማም።

በዚያው የማሊውን አሊ ፋርካ ቱሬን አትለፍ። ከራይ ኩደር ጋር በ1994 ያወጣው «ቶኪንግ ቲምቡክቱ» ጥሩ መግቢያ ነው። አውራ ጣት ወፍራሙን ክር ሳያቋርጥ ይዞ ይቆያል፣ ጠቋሚው ዜማውን ይለቅማል። ክራር ሲደረደር ያደገ ጆሮ ወዲያው ይገባዋል፤ አምስት ድምፅ፣ የማይቋረጥ መደብ፣ ከላዩ ዜማ። ኮርድ ካልቀያየርኩ ባዶ ነው ለሚል ሰው ከዚህ የተሻለ መልስ አላውቅም።

ስድስት ክር፦

እጅግ አመሰግናለሁ። ሁለት ነገር ልጨምር። አንደኛ፣ ሙሉ ቶን ቤንድ አድርጌ ስመለስ 2ኛውና 3ኛው ክር ከቅኝት ይወርዳሉ። ሁለተኛ፣ የቢ ቢ ኪንጉ ቦታ ትዝታ ላይ አማረልኝ፤ አንቺሆዬ ላይ ግን እንደዚያው ቤንድ ሳደርግ ጆሮ ይቆርጣል። ምንድነው ችግሩ?

ብየዳ፦

የመጀመሪያውን እኔ። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የማጠንከሪያው ቁልፍ ሳይሆን አንገቱ ጫፍ ላይ ያለችው ክር የሚያልፍባት ባለ ቦይ ቁራጭ ናት። ክሩ እዚያ ይያዝና ሳይመለስ ይቀራል። ስትቃኝ «ቲንግ» የሚል ድምፅ ከሰማህ እርግጠኛ ሁን። ክሩን ፈታ አድርገህ ቦይዋ ውስጥ የመጻፊያ እርሳስ (ግራፋይት) ዱቄት ቀባ። ቁልፉ ላይ ክሩ ከ2 እስከ 3 ዙር ይበቃዋል፣ ከዚያ በላይ ከሆነ ሲሳብ ይጠብቃል፣ ሲለቀቅ ይላላል። አዲስ ክር ስታስገባ በእጅህ እየሳብክ፣ እየቃኘህ፣ ቅኝቱ መውረድ እስኪያቆም ድገመው። የስትራትህ ብሪጅ (ክሮቹ ገላው ላይ የሚያርፉበት) ተንሳፋፊ፣ ማለትም ገላው ላይ ሳይተኛ በስፕሪንግ የተያዘ ከሆነ ደግሞ አንዱን ክር ቤንድ ስታደርግ ሌሎቹ ይወርዳሉ። ከጀርባ ሦስት ስፕሪንግ ካለው አራተኛ ወይም አምስተኛ ጨምረህ ብሪጁን ገላው ላይ አስተኛው።

የወሎ ቅኝት፦

ሁለተኛው ጥያቄ የእኔ ነው። እጅህ አላጠፋም፣ ጥፋቱ የርቀት ነው። ቅኝቶቹን በግማሽ ቶን ቁጠራቸው፦

ትዝታ ሜጀር 2-2-3-2-3
ትዝታ ማይነር 2-1-4-1-4
ባቲ ሜጀር 4-1-2-4-1
አምባሰል 1-4-2-1-4
አንቺሆዬ 1-4-1-3-3

ሙሉ ቶን ቤንድ ማለት 2 ነው። ትዝታ ሜጀር ውስጥ ሦስት ቦታ አለ፣ ስለዚህ ያምርልሃል። ባቲና አምባሰል ውስጥ አንዳንድ ቦታ ብቻ ነው። አንቺሆዬ ውስጥ ጭራሽ የለም! የትም ብትጀምር ሙሉ ቶን ቤንድህ ከቅኝቱ ውጭ ነው የሚያርፈው።

መፍትሔው ግን እዚያው ፍሬት አሥራ ሁለት ያሳየህ ቦታ ላይ አለ። አንቺሆዬን ከኤ ስትጀምር ኤ፣ ቢ ፍላት፣ ዲ፣ ኢ ፍላት፣ ኤፍ ሻርፕ ይሆናል። እጅህን ሳታንቀሳቅስ፦ 3ኛው ክር 11፣ 2ኛው ክር 10 እና 11፣ 1ኛው ክር 10 እና 11። 12ን እርሳው። ቤንድህ ከ10 ወደ 11 ግማሽ ቶን ብቻ ይሁን፣ በሁለቱም ክሮች ላይ ይሠራል። ከ11 ወደ 10 ስላይድ፣ ወይም 10-11-10 ብለህ በፍጥነት መዶሻና መንጠቅ (በግራ እጅ ጣት ብቻ መትቶና ስቦ ማሰማት) ስትጨምርበት ወደ ማሲንቆው ይጠጋል። ማሲንቆ ፍሬት የለውም፣ ስለዚህ ከአንዱ ድምፅ ወደ ሌላው የሚሄድበትን መንገድ እንጂ መድረሻውን ብቻ አትቅዳ።

ለመስማት ከሆነ የእኛው ጊታሪስት ሰላም ስዩም ወልደማርያም አለልህ። ማሕሙድ አህመድ ከአይቤክስ ባንድ ጋር እ.ኤ.አ. በ1975 የሠራው «ኧረ መላ መላ» ላይ ጊታሩን ብቻ ለይተህ ተከታተል። ይህን ሥራ ክራመድ ዲስክስ በ1986 ቤልጅየም ላይ አሳትሞት ነው የውጭው ጆሮ ያወቀው። ዘፋኙ ሲተነፍስ ጊታሩ የት እንደሚገባ፣ ዘፈኑ ሲመለስ እንዴት እንደሚያሳጥር ልብ በል። ከዚያ ሰላም ኋላ የተጫወተበትን የሮሃ ባንድን ዘመን ካሴቶች ስማ፤ ያው ጊታር ነው፣ ሥራው ግን ሌላ ነው። እኔ በበኩሌ አገር ቤት ያለ ጊታሪስት ከውጭዎቹ በፊት እነዚህን መጨረስ አለበት ባይ ነኝ። አኩስቲክ ከወደድክ የግሩም መዝሙር አዲስ አኩስቲክ ፕሮጀክት ላይ የአየለ ማሞን ማንዶሊን አዳምጥ። ባለ ሁለት ሁለት ክር መሣሪያ ላይ ቤንድ አይመችም፣ ጌጡ በሙሉ ከትሬሞሎ (አንድ ኖታ በፍጥነት መደጋገም) እና ከምት ነው የሚመጣው።

ፈዝና ዋህ፦

እንዴት ጂሚ ሄንድሪክስ ሳይጠራ እዚህ ደረሰ? ጃንዋሪ 1 ቀን 1970፣ ኒው ዮርክ፣ ፊልሞር ኢስት፣ «ማሽን ጋን»። ቤዝ ቢሊ ኮክስ፣ ድራም በዲ ማይልስ። በጊታር ምን ሊባል እንደሚችል ለማወቅ አንድ ቅጂ ብቻ ምረጥ ብባል ይህን ነው የምመርጠው።

ጊታሩ ግማሽ ቶን ወርዶ ነው የተቃኘው፣ አብረህ ልትጫወት ከፈለግህ ስድስቱንም ክር በግማሽ ቶን አውርድ። ክሩ ስለሚላላ ቤንዱም ይቀላል። ድምፁ ዋህ፣ ፈዝ ፌስ (ድምፅ አሻካሪው)፣ ኦክታቪያና ዩኒቫይብ ከሚባሉ ድምፅ ቀያሪ መሣሪያዎች ነው። ፈዝ ፌስ ገዝተው «ንብ ይመስላል» የሚሉት ሰዎች አምፑን ንጹሕ አድርገው ነው የሚሰኩት። የአምፑ ድምፅ ራሱ ሊሻክር ጫፍ ላይ መድረስ አለበት፣ ፈዙ ከዚያ ይገፋዋል። ከጊታሩ በቀጥታ ሰካው፣ በመሐል በፈር (ሲግናሉን የሚያጠናክር ዑደት) ያለው ፔዳል (መቃኛውን ቱነር ጨምሮ) ከገባ የጊታርህ ቮልዩም ድምፁን ማጥራት ያቆማል። በትክክል ከተሰካ ቮልዩምን ወደ 6 ስታወርድ ንጹሕ ይሆናል፣ 10 ላይ ይጮኻል፣ እግርህ ፔዳል አይነካም። ዋህ ከፊቱ ስታደርግ የሚያፏጭብህ በዚሁ ምክንያት ነው፤ በመካከላቸው ለዚሁ የተሠራ ትንሽ በፈር ይፈታዋል።

ጀርማኒየም ትራንዚስተር ያለው ከሆነ ሙቀት ይጎዳዋል፣ ዱባይ ወይም ድሬዳዋ ፀሐይ ላይ የተቀመጠ ፔዳል ድምፁ ይቆራረጣል። ሲሊከኑን ውሰድ። አሮጌው ዓይነት ጀርማኒየም ፖዘቲቩ መሬት ስለሆነ ከሌሎች ፔዳሎች ጋር በአንድ ገመድ ኃይል አትስጠው፣ የራሱ 9 ቮልት ባትሪ ይኑረው።

ፍሬት አሥራ ሁለት፦

ፈዝና ዋህ ያልከው ሁሉ ልክ ነው፣ ጨዋታውም ወደር የለውም። ግን ለጠያቂው አሁን አይደለም። እዚያ ውስጥ የሚረዝመውን ኖታ የያዘው ፔዳሉ ሳይሆን የግራ እጁ ቪብራቶ ነው፤ ያ ሳይኖር ፈዝ ሲጨመር የሚሰማው ጩኸት ብቻ ነው። በንጹሕ አምፕ አንድ ኖታ አራት ምት ሙሉ ይዘህ ሕያው ማድረግ ስትችል ግባበት።

ነጭ ጊታር፦

የሴት ስም አንድም አልተጠራም፣ ስለዚህ እኔ ልጥራ። ሲስተር ሮዜታ ታርፕ፣ ሜይ 7 ቀን 1964፣ ማንቸስተር ውስጥ ሥራ ባቆመ የባቡር ጣቢያ፣ ለግራናዳ ቴሌቪዥን። ዝናብ እየጣለ ነው የተቀረጸው፣ ቪዲዮው በቀላሉ ይገኛል። ነጭ ባለሦስት ፒክአፕ ጊብሰን ይዛ ትዘፍናለች፣ ትጨፍራለች፣ ሶሎ ትገባለች።

የእሷ የተለመደ ቅኝት ክፍት ዲ ነው፦ ከወፍራሙ ዲ፣ ኤ፣ ዲ፣ ኤፍ ሻርፕ፣ ኤ፣ ዲ። ከመደበኛው ለመድረስ 6ኛውን፣ 2ኛውንና 1ኛውን ሙሉ ቶን፣ 3ኛውን ግማሽ ቶን ታወርዳለህ፤ 4ኛውና 5ኛው አይነኩም። ከዚያ አውራ ጣት 6ኛውንና 4ኛውን እያፈራረቀ ምት ይይዛል፣ ሐረጉ በ1ኛውና 2ኛው ክር ላይ ይገባል። ብቻውን ቤተ ክርስቲያን ወይም ትንሽ መድረክ ላይ ለሚጫወት ሰው ይህ ቤዝም ሪትምም ሊድም ነው። በ0.010 ክር 6ኛው ዲ ላይ ሲወርድ ፍሬቱን እየነካ ሊንጫጫ ይችላል፤ 0.052 የሆነ ወፍራም ክር አንዱን ብቻ መቀየር ይረዳል።