ጎንደር ያለ ሥራ ተቋራጭ ባሕር ማዶ ካለ ደንበኛ ጋር በማኅበራዊ ሚዲያ እንዴት ይገናኝ?

ጠያቂ (ሥራ ተቋራጭ፣ ማራኪ)
ጤና ይስጥልኝ። በጎንደር ከተማ መኖሪያ ቤት የምንሠራ አነስተኛ ድርጅት አለን። እስከ ዛሬ ሥራ የምናገኘው አንዱ ደንበኛ ለሌላው እየነገረልን ነበር፤ አሁን ግን ከሚያሠሩት ብዙዎቹ ኑሯቸው አሜሪካ ወይም እስራኤል በመሆኑ ሳይት ድረስ መጥተው ሥራችንን ሊያዩ አይችሉም። በፌስቡክና በቲክቶክ ያለቁ ቤቶችን ፎቶ ብንለጥፍም፣ “ያምራል” ከሚል አስተያየት በቀር ለውል የመጣ ሰው የለም። ምን ብናደርግ ይሻላል?

መልስ (ሲቪል መሐንዲስ፣ አዘዞ)
ያለቀ ቤት ፎቶ የሚያሳየው ቀለሙንና ሴራሚኩን ነው፤ ከሩቅ ሆኖ ገንዘብ የሚልክን ሰው እንቅልፍ የሚነሳው ግን ከልስኑ ሥር ያለው ነው። ስለዚህ አርማታ የሚሸፍነውን ሥራ ከመሸፈኑ በፊት አሳዩ። የሶሌታው (የወለልና የጣሪያ አርማታው) ፌሮ፣ ማለትም ብረቱ፣ ታስሮ ሲያልቅ፣ የአርማታ ሙሌት ከመጀመሩ በፊት፣ ሜትር ተዘርግቶበት የፌሮው ውፍረትና በመካከሉ ያለው ርቀት እየተነገረ የሚቀረጽ አጭር ቪዲዮ ከብዙ ያማረ ፎቶ ይልቅ ያሳምናል፤ ደንበኛው ራሱ ባይረዳው እንኳ ለሚያምነው መሐንዲስ ልኮ የብረቱንና የአርማታውን አሠራር ከሚያሳየው ስትራክቸር ፕላን ጋር ሊያስተያየው ይችላልና። የአርማታ ጥንካሬ ቀስ በቀስ ስለሚጨምርና በተለምዶ የሚመዘነው በ28ኛው ቀን ስለሆነ፣ ከሙሌት በኋላ ቢያንስ ለ7 ቀናት ውሃ ሲጠጣ ማሳየትም ተገቢ ነው፤ በበጋው ፀሐይ ብዙ ሥራ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው።

ቲክቶክ የማያውቃችሁ ሰው የሚያገኛችሁ በር ይሁን። ውል ከተፈረመ በኋላ ግን ለእያንዳንዱ ደንበኛ የግል የቴሌግራም ቻናል ክፈቱ፤ ፎቶው፣ ፕላኑና የዕቃ ደረሰኙ በየቀኑ ቅደም ተከተል ስለሚቀመጥ፣ ክፍያ ሲጠየቅ ሁለታችሁም የምትመለከቱት መዝገብ ይሆናል።

መልስ (ቤት አሠሪ፣ ዋሽንግተን)
በአሠሪ በኩል ልናገር። ዋጋ ስንጠይቅ “በውስጥ መስመር ያናግሩን” የሚለው መልስ ጥርጣሬ ያሳድርብናል። የሲሚንቶና የፌሮ ዋጋ ስለሚለዋወጥ ቁርጥ ያለ ዋጋ መለጠፍ እንደማይቻል እንረዳለን፤ ሆኖም በካሬ ሜትር የተጠራው የእጅ ዋጋ ብቻ ይሁን ከነዕቃው፣ የየትኛው ወር እንደሆነም ጭምር በግልጽ መጻፍ ይቻላል። ሰዓቱንም አስቡበት፤ በጎንደር ምሽት 2 ሰዓት ሲሆን እዚህ እኩለ ቀን ገደማ ስለሆነ፣ ለመነጋገር የሚመቸን ያኔ ነው።

መልስ (ጠበቃ፣ ፒያሳ)
የደንበኛውን ቤት ከመለጠፋችሁ በፊት ፈቃዱን በጽሑፍ ያዙ፤ ባለቤቱ ውጭ የሚኖር ቤት ያለበት ሰፈር ለማንም መታወቅ የለበትም። የሌላ ተቋራጭ ሥራ የራስ አስመስሎ መለጠፍም የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 የሚከለክለው አሳሳች ማስታወቂያ ውስጥ ሊያስገባችሁ ይችላል።

ጠያቂ
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልን። አንድ ነገር ልጨምር፤ ፎርምወርኩ (አርማታው የተሞላበት ቅርጽ) ሲነሳ ኮለኑ (ምሰሶው) ላይ አርማታ ያልሞላው ክፍተት ቢታይ፣ ያንንም እናሳይ ትላላችሁ?

መልስ (ሲቪል መሐንዲስ፣ አዘዞ)
በግል ቻናሉ አዎ፣ በዚያው ቀን። በላዩ ልስን ከማልበሳችሁ በፊት ፎቶውን፣ መሐንዲሱ ያዘዘውን የጥገና ዘዴና ማን ወጪውን እንደሚሸፍን አንድ ላይ ላኩለት። በሕዝብ ገጻችሁ ላይም ሰው ስለ ጉድለት ቢጠይቅ አስተያየቱን አታጥፉበት፤ ልኬቱን እየጠቀሳችሁ መልሱለት።