50 ቅጂ ልቦለድ የት ይታተም? ደሴ ወይስ ኮምቦልቻ

ጠያቂዋ፦ ከቤተ መንግሥት ተባርራ ኋላ ዘውድ ስለጫነች ልዕልት የሚተርክ ምናባዊ ልቦለድ ነው። 240 ገጽ፣ ኤ5፣ 50 ቅጂ። ደሴ ውስጥ የት ይሻላል? ኮምቦልቻ መውረዱስ ያዋጣል?

ከደሴ ፒያሳ፦ እህቴ፣ ለ50 ቅጂ ኦፍሴት አታስቢ። ገጹ የሚቀረጽበት ፕሌት ወጪ ለ50ም ለ1,000ም ያው ስለሆነ የአንዱን መጽሐፍ ዋጋ ሰማይ ይሰቅለዋል። ያለ ፕሌት ከኮምፒውተር በቀጥታ የሚያትም ዲጂታል ይበቃሻል። ውስጡን ዩኒቨርሲቲው በር ላይ ላሉት ኮፒ ቤቶች ስጪ፤ የመመረቂያ ጽሑፍ ሲያትሙ ስለሚውሉ እጃቸው ፈጣን ነው። ሽፋኑን ግን ፒያሳ። የሠርግ ካርድ የለመደ ቤት ቀለም ያውቃል።

ሽፋን የሚበላሸው በልኬት ነው። 240 ገጽ ማለት 120 ቅጠል፤ ባለ 80 ግራም ወረቀት አንዱ ቅጠል ወደ 0.1 ሚሊ ስለሆነ የመጽሐፉ ጀርባ (ቅጠሎቹ የሚጠረዙበት ጎን) 12 ሚሊ ይወጣል። የፊት ሽፋኑ ስፋት 148፣ ጀርባው 12 እና የኋላ ሽፋኑ 148 ሲደመሩ 308፤ ቁመቱ 210 ነው። በየጎኑ 3 ሚሊ ለመቁረጫ ሲጨመር 314 በ216 ሚሊ። ኤ4 ቁመቱ 297 ብቻ ነው፣ አይበቃም። «ኤ3 ፕሪንተር አላችሁ?» ሳትዪ ፍላሽሽን አትስጪ።

ከደሴ ሆጤ፦ ከሁሉ በፊት ፋይሉ። በድሮው የአማርኛ መተየቢያ በፓወር ግዕዝ የተተየበ ከሆነ ፎንቱ የሌለው ኮምፒውተር ላይ ዝብርቅርቁ ይወጣል። የትኛውም ኮምፒውተር ወደሚያነበው ዩኒኮድ አስቀይሪ፣ በኒያላ ወይም በአቢሲኒካ ፎንት 11 ነጥብ አድርጊው፣ ከዚያ ፒዲኤፉን ውሰጂ። ዎርዱን ከሰጠሻቸው ገጹ ይንሸራተታል፤ 240 የነበረው 251 ሲሆን ከላይ የተሰላው ጀርባም ልኩን ይስታል። ከአራት ነጥብ በፊት ባዶ ቦታ የተመታ እንደሆነ ምልክቱ ብቻውን ወደ ታችኛው መስመር ይወርዳል። እሱን አጽጂ፤ በዚያው «ንግሥት» እና «ንግስት» ተደባልቀው እንዳይቀሩ። የውስጥ ህዳግ ከ20 ሚሊ አይነስ፣ በሙጫ የተጠረዘ መጽሐፍ መሐሉ ላይ ቃል ይውጣል።

ከኮምቦልቻ፦ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሐረጎን ቁልቁለት የሚያስወርድ ምክንያት ካለ ጥረዛው ነው። በደሴ ብርድ ሙቅ ሙጫ ቶሎ ይጠነክራል፤ በእጅ የሚሠራ ሰው ቀብቶ ሽፋኑን እስኪያለብስ ድረስ አልፎበታል፣ ቅጠሉም ገና ሲነበብ ይረግፋል። እዚህ ሞቅ ስለሚል ፋታ ይሰጣል። ማሽን ያለው ቤት ደሴ ካገኘሽ ግን ለምን ትለፊያለሽ? የትም ይሁን፣ ከሙጫው በፊት ጀርባው መፋቅ አለበት፤ ለስላሳ ጠርዝ ሙጫ አይዝም። መጀመሪያ አንድ ናሙና ብቻ አስጠርዢ፣ ማግስቱን መሐሉን ገልጠሽ አንድ ቅጠል ሳብ አድርጊ። ከወጣ ቀሪውን 49 እዚያ አታሠሪ። ክረምት ከሆነ ደግሞ ላሚኔሽን (ስስ ፕላስቲክ ልባስ) ያለበት ሽፋን ይጠቀለላልና መጽሐፎቹ ከባድ ነገር ተጭኖባቸው ይደሩ።

ከአይጠየፍ ሰፈር፦ ምናባዊም ቢሆን ሽፋን ሠዓሊውን እዚሁ ደሴ ያለውን የንጉሥ ሚካኤልን አይጠየፍ አዳራሽ አሳዪው፣ የፈረንጅ ግንብ እንዳይተክልብሽ። ለነገሩ ዘውዲቱን ወደ ፋሌ ያጋዛት ልጅ ኢያሱ የሚካኤል ልጅ ነበር፤ እሷም የካቲት 4 ቀን 1909 ዓ.ም. ዘውድ ጫነች። ታሪክሽ ሩቅ አገር አይደለም።

ከፒያሳ፦ አይ ኤስ ቢ ኤን (የመጽሐፍ መለያ ቁጥር) ካሰብሽ ሽፋኑ ሳይታተም አስወጪው፣ አዲስ አበባ ካለው ብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት ነው። ለባርኮዱ ከኋላ ሽፋን ግርጌ 50 በ30 ሚሊ ነጭ ቦታ ተዪ።